«ገና ነው» ያልኩ ዕለት

ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲላስ፣

ሰሞነ ሕማማት ነውና ሰላምታ አልሰጥህም። በዚህ ሳምንት እንደማንጨባበጥና እንደማንሳሳም ታውቃለህ። እናትህም ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በአጠገቤ ዝም ብላ ስታልፍ ሰንብታለች፤ እርግጥ የእሷ ዝምታ ከሕማማቱ በፊት የጀመረ ነው፣ ምክንያቱንም እነግርሃለሁ። ሰላምታዬን ግን አልበላሁትም። ከደብዳቤው መጨረሻ አስቀምጬልሃለሁ። የፖስታ ቤቷ ልጅ በፈጣኑ ከላክሁት እስከ ማክሰኞ አሜሪካ ይገባል ብላኛለች፤ ያን ጊዜ ፋሲካ አልፎ ሰላምታም ተፈቅዶ ይሆናል።

የምጽፈው ስልክ ስለማታነሳ ነው። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ለእናትህ «ደህና ነኝ» የምትል አጭር መልእክት እንደምትልክላት አውቃለሁ፤ አታሳየኝም እንጂ ስታነብ ፊቷን አያለሁ። እኅትህ ኤዶም በእንግሊዝኛ ጻፍለት ብትለኝ እምቢ አልኩ። ነገሩ የተበላሸው በእንግሊዝኛ ስላወራሁት ነው፤ ሁለተኛ አልሳሳትም። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ፊደል ያስቆጠርኩህ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ካስቸገረህ ጮክ ብለህ አንብበው፤ ዓይንህ ቢረሳው ጆሮህ ያውቀዋል።

የዚያን ዕለት ስትደውል ሰላም እንኳ አላልከኝም። «አባዬ፣ ልጄ ገና ነው፣ አልደረሰም ብለሃል ወይስ አላልክም?» አልከኝ። «ብያለሁ» አልኩህ። «ሰነፍ ነውም ብለሃል?» «ብያለሁ፤ ግን…» ግን ያልኩት ለተዘጋ ስልክ ነበር። ይህ ደብዳቤ ከዚያ «ግን» በኋላ ያለው ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ፣ ይህን በእጅ የሚወረወር የአሜሪካኖች ፉትቦል ዛሬም አጥርቼ አላውቀውም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ በአሜሪካ ያሉት ትልልቅ ቡድኖች በየተራቸው ከየዩኒቨርሲቲው ልጅ ይመርጣሉ። ድራፍት ይሉታል። የክርስትና አባትህ ኪዳኔ መጀመሪያ ሲሰማ «እኔ የማውቀው ድራፍት በብርጭቆ የሚቀርበውን ነው» ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። አንተ ኳርተርባክ ነህ። ኳሱ መጀመሪያ አንተ እጅ ይገባል፤ ለማን እንደምትወረውር እስክትወስን ድረስ ግንድ የሚያካክሉ ሰዎች ሊጥሉህ ይሮጣሉ። እናትህ ይህንን ዓይኗን ጨፍና ነው የምታየው። ክንድህ ብርቱ ነው፣ ሁሉም የተስማሙበት እሱ ላይ ነው። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲህ ሦስት ዓመት ተቀምጠህ ሌላውን ስትጠብቅ ኖረህ፣ ሜዳ ገብተህ የተጫወትከው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ አንተን የሚወስድ ቡድን ዛሬ አያሰልፍህም። ሁለት ሦስት ዓመት ከዋናው ተጫዋች ጀርባ አስቀምጦ ማሳደግ አለበት።

ያ ስለ አንተ ሲጠይቅ የከረመው ቡድን ኳርተርባኩ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ተቀዷል። በዚህ የተነሳ ደጋፊው ለሁለት ተከፍሏል። ኪዳኔ ጡረታ ከወጣ ሥራ አጥቶ፣ ከካሌዶኒያን ሮድ በአውቶቡስ እየመጣ ክርክሩን ሁሉ በወረቀት አትሞ ያነብልኛል። ግማሾቹ «አሮጌው ሳይወድቅ ተተኪውን እናሳድግ፤ ከወደቀ በኋላ ማን ያስተምረዋል?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ጣሪያችን ዛሬ እያፈሰሰ ከሦስት ዓመት በኋላ ጥላ የሚሆን ችግኝ እንተክላለን ወይ? ተራችንን ነገውኑ በሚሰለፍ ተከላካይ እናውለው» ይላሉ። የመጀመሪያውን ሲያነብልኝ እውነት ነው እላለሁ፣ ሁለተኛውንም ሲያነብልኝ እውነት ነው እላለሁ። ኪዳኔ «አንተ ደግሞ ዳኛ ብትሆን ሁለቱንም ወገን አስረህ ትለቅ ነበር» ብሎ ይስቅብኛል። አንዱ ጸሐፊ ግን አንተን «ፕሮጀክት» ብሎ ጠርቶሃል። ይኼ አስቆጣኝ። እኔ የማውቀው ፕሮጀክት በየመንገዱ ቆፍረው የሚተዉትን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሚስተር ካርቨር የሚባል ሰው ደወለልን። የዚያ ቡድን መልማይ ነው፤ ሥራው ከምርጫው በፊት የልጁን አሰልጣኝ፣ አስተማሪና ወላጅ እየዞሩ መጠየቅ ነው። ለሌላ ጉዳይ ለንደን መጥቼአለሁና ግማሽ ሰዓት ስጡኝ አለ። እናትህን ታውቃታለህ፤ እሷ ጾመኛ ሆና ለእሱ ዶሮ ሠራች። «የሰው አገር ሰው የእኛን ጾም ምን በወጣው» ብላ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሱፌን ለበስኩ። ሰውዬው ሲገባ አናቱ የኮሪደሩን አምፖል ሊመታ ምንም አልቀረው። ዶሮውን እኛ እያየነው ብቻውን በላ፣ በየጉርሻው መሐል እያመሰገነ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ደብተሩን አወጣ።

«በሃያ አምስት ዓመት ሥራዬ እንደ ልጃችሁ ያለ ክንድ ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው» አለ።

እናትህ ክው አለች። ሰው ልጇን በባዶው እንዲህ ሲያሞግስባት እንዴት እንደምትሆን ታውቃለህ፤ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን እየረገጠች «በስመ አብ በል እንጂ!» አለችኝ። በስመ አብ አልኩ፣ በልቤ። ልጅህ በእንግዳ ፊት ሲመሰገን ደግሞ የሚባለው የታወቀ ነው፤ አባቴም ያለው፣ የአባቴም አባት ያለው ያንኑ ነው። «ኧረ ምን ያውቃል፣ ገና ልጅ ነው» አልኩ።

«ዝግጁ አይደለም ማለትዎ ነው?»

«ገና ነው! ገና ብዙ ይቀረዋል።»

«ድክመቱ ምንድን ነው ይላሉ?»

እንግዳ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ «ልጄ ድክመት የለበትም» ይባላል? እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል። «ሰነፍ ነው» አልኩት። «ካልቀሰቀሱት አይነሳም፤ ይቸኩላልም።» እናትህም ከእኔ ላለማነስ «መብላት ነው እንጂ ምን ያውቃል በለው» አለች፤ እሱንም ተረጎምኩለት። ሰውዬው ይጽፋል። እኔ የጠበቅሁት፣ እኔ ዝቅ ሳደርግህ እሱ «ኧረ እንዲህ አይበሉ፣ ጎበዝ ልጅ ነው» እንዲለኝ ነበር። እኔ እንደገና ዝቅ ላደርግ፣ እሱ እንደገና ከፍ ሊያደርግ፣ እንዲህ እየተባባልን ምስጋናህ ሁሉ በእሱ አፍ ሊያልቅ። ወጋችን ይኸው አይደለም? አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሳል። ሰውዬው ግን አላነሳም። የጣልኩትን ሁሉ መዝግቦ፣ ለዶሮው አመስግኖ ሄደ። ለካ በእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ ስናገር ነበር የዋልኩት።

ኤዶም ከሥራ ስትገባ «እንዴት ነበር?» አለችን። በኩራት ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

«አባዬ፣ ኖ። ሌዚ ነው አልከው? ለስካውቱ?»

«በጨዋ ደንብ ነዋ፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ጆብ ኢንተርቪው ነው! አንተ ሬፈረንስ ነህ! ሰውዬው ሪፖርት ያደርገዋል፣ ዱ ዩ አንደርስታንድ?»

«ምን አለች?» አለች እናትህ። ያን ቀን አልነገርኳትም። ኤዶም በዚያው ሰዓት ልትደውልልህ ስልኳን አውጥታ ነበር፤ ተዪው፣ ሰውዬው ይረሳዋል፣ ልጁን አታስጨንቂው ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ። በእሷ አትቀየም። ሰውዬው አልረሳም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ከየት እንደሰማው እንጃ «የገዛ አባቱ እንኳ አልደረሰም ይላሉ» ብሎ ጻፈ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ እንዲያውም የማሸው ሰው ጠፍቶኝ ነበር።

ስልኩን በጆሮዬ ላይ የዘጋህ ዕለት እናትህ ኩሽና ገብታ፣ ተመልሳ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በእጇ ወረቀት ይዛለች። ከመሳቢያዬ ያገኘችው ነው። አሁን ስለዚያ ወረቀት ልነግርህ ነው፤ ይኼኛውን ኤዶምም አታውቅም ነበር።

በጥር ወር እኔ አውቶቡስ የምነዳለት ጋራዥ አዳዲስ ሾፌሮች ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁት፤ ልጄ አሜሪካ ያልሆነለት እንደሆነ፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ትወስዱታላችሁ ወይ አልኩት። ፎርም ሰጠኝ። ስምህን ሞላሁ፣ አድራሻህን የኛን ቤት አደረግሁ። በዚያው ሰሞን የመኝታ ክፍልህን አሮጌ አልጋ አውጥቼ በቁመትህ ልክ ረጅም አልጋ አስገባሁ። ለእናትህ «ለእንግዳም ይሆናል» ብያት ነበር። እንደ አንተ የሚረዝም እንግዳ ከየት እንደሚመጣልን አልጠየቀችኝም። ፎርሙን ስታገኝ ግን ጠየቀች።

«ወንድዬ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። «እኔ መብላት ነው እንጂ ስል ወጉን ነው ያልኩት። አንተ ገና ነው ስትል ግን ድምፅህን ሰምቼዋለሁ። ጨዋነት ነው ወይስ ልጁ እንዲመለስልህ ፈልገህ ነው?»

ተቆጣሁ። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁና እስከ ካምደን ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሠላሳ ዓመት ሰው በአውቶቡስ ያመላለስኩ ሰውዬ በእግሬ። ስመለስ ራቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ«ጨው አቀብለኝ» በቀር አላናገረችኝም። እኔም አልመለስኩላትም። የምመልሰውን አላውቅም ነበር።

አሁን አውቃለሁ። ሁለቱም ነው፣ ሲላስ። አፌ የተናገረው ወጉን ነው፤ ከወጉ ሥር ግን ሚስተር ካርቨር ደብተሩን ዘግቶ፣ አንተን ትቶ፣ ሌላ ልጅ ፍለጋ እንዲሄድ የፈለገ አንድ ሰው ነበር። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆነህ ሂትሮው ሸኝቼህ ከተመለስኩ ጀምሮ ያ ሰው በውስጤ አለ። አላፍርበትም ብልህ ውሸት ይሆንብኛል፤ አፍሬበታለሁ። የገዛ ልጁ ተራ ደርሶ ሳለ በሩን በእግሩ የሚዘጋበት አባት ሆኜ ተገኘሁ። ይቅር በለኝ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ለኤዶም «ሚስተር ካርቨር ጋ ልደውል ነው፣ ቃሌን ላስተካክል» አልኳት። ኪዳኔ ይህን ሲሰማ «ብቻህንማ አይሆንም፤ ሦስት ሆነን፣ በሽማግሌ ወግ፣ ስፒከር አድርገን እናናግረው» አለ። ነጠላውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። ኪዳኔ፣ ሚስት አይደለም የምንጠይቀው ብዬ መለስኩት፤ ትንሽ ቅር ብሎታል። ኤዶም ግን ሳልለማመድ እንዳልደውል ከለከለችኝ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ሚስተር ካርቨርን ሆነች።

«ሚስተር ወንድይራድ፣ ልጅዎ እንዴት ያለ ተጫዋች ነው?»

«መጥፎ አይደለም።»

«አባዬ! ሂ ኢዝ ዘ ቤስት በል!»

«ምላሴ አይታዘዝም።»

«እሺ በአማርኛ ሞክረው። ጎበዝ ነው በል። አንድ ቃል ናት፤ ጎ-በዝ።»

አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ኤዶም መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ተወችና «ለእኔም እኮ ብለኸኝ አታውቅም፣ አባዬ» አለችኝ። እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ እንደምትነግረኝ ነው የነገረችኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ኤዶም ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሰውዬው ወዲያው አወቀኝ፤ መጀመሪያ ያነሳው ዶሮውን ነው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፣ «በዚህ ሳምንት ብዙ አባቶች ደውለውልኛል። ሁሉም ልጃቸው ንጉሥ መሆኑን ሊነግሩኝ ነው። እርስዎም ለዚያ ነው?»

«ቃሌን ላስተካክል ነው» አልኩት።

«እሺ። ልጅዎ ዝግጁ ነው?»

ኤዶም ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ቀስራ ታበረታታኛለች። «አይደለም» አልኩ። ኤዶም ፊቷን በትራሱ ሸፈነች። «አንድ ዓመት የተጫወተ ልጅ እንዴት ዝግጁ ይሆናል? ግን ያን ቀን የተናገርኩት እርስዎን ላከብር ብዬ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሰው የራሱን ልጅ አያሞግስም። ሰነፍ ነው ያልኩት ውሸት ነው፤ እሱን ይሰርዙልኝ። ገና ነው ያልኩት ግን እውነት ነው።»

«ገና መሆኑንማ እኛም እናውቃለን» አለኝ። «እዚህ የምንጣላው በእሱ አይደለም። ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ ሳይበላሽ መቆየት ይችላል ወይ ነው ጥያቄው። ክንዳቸው ብርቱ የሆኑ ስንቶቹ ወንበር ላይ እንደቀሩ ላጫውትዎት ብል አንጨርሰውም።»

ልጄ፣ ኳርተርባክ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ይሆናል፤ መቀመጥን ግን አውቃለሁ። ጋራዡ መጀመሪያ ሲቀጥረኝ አንድ ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ነበርኩ። ዩኒፎርምህን ለብሰህ ካንቲን ትቀመጣለህ። ከሾፌሮቹ አንዱ ከቀረ ተነስተህ ትነዳለህ፤ ካልቀረ ሙሉ ሰዓትህን ሻይ ጠጥተህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። እናትህ «ዛሬስ ነዳህ ወይስ ጠጣህ?» ትለኝ ነበር። ካንቲን ውስጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያንቀላፋ አለ፣ የመንገድ ካርታ የሚያጠና አለ። እኔ የጋራዡን መስመሮች ሁሉ፣ የቱ ድልድይ ዝቅ እንደሚል፣ የቱ መታጠፊያ ለረጅም አውቶቡስ እንደሚጠብ ወንበር ላይ ሆኜ ጨረስኩ። ለሰውዬው ይህን ነገርኩትና፣ «ልጄ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እኔ አይቻለሁ» አልኩት። ከዚያ ለአንተም ነግሬህ የማላውቀውን ነገርኩት።

አሥራ አራት ዓመትህ ነበር። ኬኒንግተን አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ከዚያ የልጆች ቡድን ጋር መጫወት የጀመርክበት ዓመት፤ ልጫወት አልክ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ያሰለፈህ አልነበረም። «እሑድ እሑድ ሥራ ላይ ነኝ፣ ና እይኝ አትበለኝ» እልህ ነበር። አንድ እሑድ መስመሬ ወደዚያ ሆኖ፣ የዕረፍቴ ሰዓት ደርሶ፣ እስቲ ልየው ብዬ በእግሬ መጣሁ። ዝናብ ነበር። ጨዋታው አልቋል፣ ልጆቹ ወደየወላጆቻቸው መኪና ይሮጣሉ። አንተ ያን ቀንም ሳትገባ ነው የዋልከው፤ ልብስህ ላይ የዝናብ እንጂ የጭቃ ምልክት አልነበረም። ሜዳው ላይ የቀሩትን የልምምድ ፕላስቲኮች አንድ በአንድ ለቅመህ ከረጢት ከተትክ። ከዚያ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ኳሱን ይዘህ ከአጥሩ ፊት ቆምክና አንዱን የአጥር እንጨት እየመረጥክ መወርወር ጀመርክ። የሚመልስልህ ሰው ስለሌለ በወረወርክ ቁጥር ሄደህ በጭቃው ውስጥ አንሥተህ ትመለሳለህ። አርባ ሦስት ድረስ ቆጠርኩ። የዕረፍቴ ሰዓት አልቆ ነበር፤ አውቶቡሴን ያን ቀን ብቻ ነው በሠላሳ ዓመት ያዘገየሁት። ከዛፉ ሥር በዩኒፎርሜ ቆሜ ነበር፣ አሥር እርምጃ ብራመድ ታየኝ ነበር። ብታየኝ ግን ጎበዝ ልልህ ነው። ስለዚህ እንዳላየ ሰው ዞሬ ሄድኩ። ቤት ስትገባ «ጫማህን በር ላይ አውልቅ፣ ቤቱን ጭቃ አታድርግ» ነው ያልኩህ።

ይህን ስጨርስ በስልኩ ውስጥ ድምፅ ጠፋ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለኝ ሚስተር ካርቨር። «ይህንንም እየጻፍኩት ነው።»

አባቴ ለአስተማሪዬ ሲያስረክበኝ «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ፣ ሌላውን ቅጡልኝ» ብሎ እንደነበር ትዝ አለኝና እሱን ልነግረው ስል ኤዶም «ኖ፣ አባዬ፣ ፖሊስ ይጠራሉ» ብላ እጄን ያዘችኝ። ስለዚህ በአጭሩ እንዲህ አልኩት፣ «ከወሰዳችሁት አታስቸኩሉት። ሳይጨርስም አትመልሱልኝ።» ይህችን ለማለት የፈጀብኝን ጉልበት የምታውቀው እናትህ ብቻ ናት። በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር፤ እኔ አላየኋትም።

ቃል አልገባልኝም፤ ይህንን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ጠረጴዛ ዙሪያ የሚከራከሩ ሌሎች ሰዎች አሉ፣ ተከላካዩን ይወስዱ ይሆናል፣ ደግሞም አይፈረድባቸውም፤ ጣሪያው የሚያፈሰው በእነሱ ላይ ነው። ግን ኪዳኔ የሚያነበውን ሁለቱን ክርክር ዛሬ ብትጠይቀኝ እንደ በፊቱ ሁለቱም እውነት ነው አልልህም። የሚያሳድግ ሰው ካለ፣ የሚያድገውም እንዳንተ ያለ ከሆነ፣ መትከል ነው ያለበት እላለሁ። አባትህ ስለሆንኩ ነው በለኝ፤ ልክ ነህ፣ አባትህ ስለሆንኩ ነው።

ከወሰዱህ ካንቲን ውስጥ እንደሚያጠናው ሰው ተቀመጥ። ያ የሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሰውዬ የሚያደርገውን ሁሉ እይ፣ ሻይም አቅርብለት፣ ተራህን ለማፍጠን ግን ጉልበቱን ክፉ አትመኝለት። ካልወሰዱህም ሌላ ቡድን፣ ሌላ ዓመት አለ። ፎርሙን ስልኩን እንደዘጋሁ እናትህ ፊት ቀደድኩት። ስቀደው ቆማ አየችና «አልጋውንስ?» አለችኝ። ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «አልጋው ይቆይ፣ ሰው ለጉብኝትም ይመጣል» አልኳት። ፊቷን አዞረች፣ ግን ስትስቅ ትከሻዋን አየሁት።

ኤዶምን ዛሬ ጠዋት ሻይ ስትጠጣ «ጎበዝ ነሽ» አልኳት። ሻዩን ልብሷ ላይ ደፋችና ሥራ አረፈደች። ስለዚህ አንተም ይህንን ስታነብ ተቀምጠህ ይሁን።

የምርጫው ዕለት ሐሙስ ኪዳኔ እኛ ቤት ነው፤ ከእነወረቀቶቹ፣ ነጠላውንም ለብሼ እመጣለሁ ብሏል። እናትህ ለዚያን ቀን የሚሆን ዶሮ አስቀምጣለች፤ በዚህኛው ሁላችንም እንበላለን። ስምህ ቢጠራም ባይጠራም ደውልልን። ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ደውል።

የአባቶቼ አምላክ ክንድህን ይጠብቅልኝ፤ ከክንድህ ይልቅ ልብህን። የምትቀመጥበትን ወንበር ይባርክልህ፤ ስትነሳም ከአምላክህ ጋር ተነሳ። በፊትህ የሚቆሙትን ግንዶች ዓይናቸውን ያዙርልህ። እናትህ «አሜን» ብላለች፤ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነው።

አሁን ያስቀመጥኩልህ ሰላምታ። ይህ ሲደርስህ ሕማማቱ አልፏልና፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ግንባርህን ስሜሃለሁ። ያን እሑድ «ጫማህን በር ላይ አውልቅ» ያልኩህ ሌላ ነገር ለማለት ፈልጌ ነው፤ ስምንት ዓመት ዘግይቷል፣ ግን ይኸው ደርሷል።

ጎበዝ ነህ፣ ልጄ።

አባትህ
ወንድይራድ